ከስሌቱ የጠቆረ ሰማይ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም አልገጠመም። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ፀሐይዋን በትንሿ ክብ ቆርቆሮ ጋረድኩና ከተቀረው ሰማይ የሚመጣውን ብርሃን ለካሁ። አየሩን እየነካ የተበተነውን ማለቴ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ፕሮግራም ብዙ ብርሃን ሊኖር ይገባል ይላል፤ መሣሪያው ትንሽ ነው ይላል። የደብረ ማርቆስ ሰማይ ከስሌቱ ይጠቁራል። አብራኝ ትኖር የነበረችው ሰላም ዛሬ ብትኖር ትስቅብኝ ነበር። አግብታ ደሴ ከሄደች ወዲህ ክፍሉ ሰፍቶብኛል።

ማክሰኞ

መስታወቱን ወለወልኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ። ያው ነው። የመመረቂያ ጥናቴ አማካሪ ከአዲስ አበባ ደወሉ። መሣሪያው ተበላሽቷል፣ ዓርብ ይዘሽው ነይ፣ ሌላ ርዕስ እንፈልግልሻለን አሉ። እሺ አልኳቸው። ስልኩ ሲዘጋ ግን አለቀስኩ። ከዚህ ሥራ ሌላ ምን አለኝ?

ረቡዕ

ሱቅ ሄጄ ሳሙና ስጠኝ ማለቴ ካልተቆጠረ፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው አላወራሁም። ዲማ ላሉት አባቴ ልደውል አሰብኩና ተውኩት። ድምፄን ሲሰሙ ያውቁብኛል።

ዓርብ

አውቶቡሱ ከደጀን ወደ ዓባይ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ጆሮዬ ተደፈነ። መሣሪያውን ጭኔ ላይ አቅፌዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አዩኝና፣ «ምራቅሽን ዋጥ አድርጊ ልጄ፤ ደገኛ ቆላ ሲወርድ እንዲህ ነው» አሉኝ።

ደገኛ! ኮምፒውተሬን አወጣሁ። የቦታው ከፍታ ዜሮ ይላል። ፕሮግራሙ ሲጫን ራሱ የሚያስቀምጠው ነው፣ እኔም ነክቼው አላውቅም። ደጋ ተወልጄ እዚያው ስላደግሁ ከፍ ብዬ የምኖር አይመስለኝም። ለካ ፕሮግራሙ የሚያሰላው የባሕር ጠረፍ ሰማይ ነው! እኛ ዘንድ አየሩ ስስ ነው፣ የሚበትነው ብርሃንም ትንሽ። መሣሪያው ምንም አልሆነም።

ትክክለኛውን ከፍታ አስገባሁ። አውቶቡሱ እያንገጫገጨኝ ጠበቅሁ። የስሌቱና የመሣሪያው መስመሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተኙ።

አማካሪዬ ጋ ደወልኩ፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የለም። ለሰው ካልነገርኩ የምፈነዳ መሰለኝ። ለሴትዮዋ ነገርኳቸው፤ ስለ ብርሃኑም፣ ስለ አየሩም፣ ስለ ዜሮውም ተንተባተብኩ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«እንኳን ደስ ያለሽ። ለቤተሰብሽ ነገርሽ?»

«አልነገርኩም። መጀመሪያ የሰሙት እርስዎ ነዎት።»

ትንሽ አዩኝና እጄን ያዙኝ። ወዲያ ማዶ ዳገቱን ወጥተን እስክንጨርስ አልለቀቁኝም። እኔም እጄን አልሳብኩም።