አንገቱን ደግፊው

አምቦ፣ ጥር 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ ለወይዘሮ ዘርትሁን
ባኮ

ሃርሜ፣ እንደምን ከርመሻል? በጌታ ስም ሰላም እልሻለሁ። አክስቴን ሙሉወርቅንና ልጆቿን ሰላም በይልኝ። የላካችሁት በቆሎ ደርሶናል። የአውቶቡሱን ረዳት «እናቴን አየሃት?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አይቻታለሁ፣ ደህና ናት፤ ግን ሰው ሲያናግራት አትመልስም» አለኝ። ይህን ለአባባ አልነገርኩትም።

እኛ ደህና ነን። አባባ ከግብርና ቢሮ ይመጣል፣ ጋዜጣውን ይዘረጋል፣ አንድ ገጽ ሳይገልጥ ይመሻል። አዳዳ ወርቅቱም «ወንድሜን ብቻውን አልተውም» ብላ ወደ እጃጂ ሳትመለስ ቀርታለች። ሽሮ መሥራት ተምሬያለሁ። የመጀመሪያውን ቀን አዳዳ ቀመሰችና «ቀንዓ፣ ይሄ የሚበላ ነው ወይስ ግድግዳ የሚመረግበት?» አለችኝ። አባባ ሊስቅ ሲል አየሁት። ወዲያው ዓይኑ አንቺ የምትቀመጪበት ዱካ ላይ አረፈና ተወው።

አሁን የምነግርሽን ነገር እንዳልጽፍልሽ አባባ ከልክሎኛል። «ተዋት፣ ቁስሏ ይድረቅ» ይላል። ሳይጠራ የደረቀ ቁስል ከውስጥ እንደሚመግል ግን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ፊደሉን ትልቅ ትልቅ አድርጌ የጻፍኩት አንብቡልኝ ብለሽ ለሌላ ሰው ሳትሰጪ ራስሽ እንድታነቢው ብዬ ነው። በመሠረተ ትምህርት እንደተማርሽው በጣትሽ እየተከተልሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ስለ ትንሹ ወንድሜ ስለ ጉርሙ ነው።

በቀደም የባዮሎጂ አስተማሪያችን የአየር ቧንቧን ሰሌዳ ላይ ሣሉ። እጄን አወጣሁና «አንድ ሕፃን ጉንፋን ሳይዘው፣ ከተወለደ ጀምሮ ሲተነፍስ እንደ መጋዝ ድምፅ ቢያሰማ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከኋላ አንዱ አንኮራፋና ክፍሉ ሳቀ። አስተማሪው ግን አልሳቁም። «ይህን ሐኪም ጠይቅ» አሉኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ቤት አልሄድኩም፤ ሆስፒታል ሄድኩ።

ጉርሙን ያዩት ዶክተር በድሉ አሁንም እዚያው ናቸው። ያን ሁሉ ልጅ ሲያዩ ውለው የእኛን ያስታውሱታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስሙን አላወቁም። «ራሱን ወደ ኋላ የሚጥለው ልጅ» ስላቸው ግን እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡና ወንበር ሰጡኝ።

ጉርሙን ያሳየነው ዕለት አንቺ እያለቀስሽ ስለነበር ምን ያህል እንዳየሽ አላውቅም። ልብሱን አስወልቀው ምንም ሳይነኩት ደረቱን ብቻ ሲመለከቱ ቆዩ። ትንፋሽ በሳበ ቁጥር በጎድን አጥንቶቹ መካከል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ከዚያ ጡት ስጪው አሉሽ። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ነገሩኝ። ድምፁ አየር ሲያስገባም ሲያወጣም ይሰማ ነበር። ሲያለቅስ ግን ልቅሶው ጥርት ያለ ነው፤ ስለዚህ ችግሩ ድምፅ ከሚወጣበት ቦታ በታች ነው ማለት ነው። ጡት ሲይዝ ደግሞ ይብስበታል፤ ስለዚህ የምግቡም መውረጃ አብሮ ተጨንቋል። በመጨረሻ አንገቱን ቀስ ብለው ወደ ፊት ሲያጎነብሱት ከንፈሩ ጠቆረ። ወደ ኋላ ሲለቁት ተመልሶ ቀላ።

«ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር፣ ገና ማኅፀን ውስጥ ሲሠራ ለሁለት ተከፍሎ የአየሩን ቧንቧ እንደ ቀለበት የከበበው ይመስለኛል» አሉኝ። የማዳመጫቸውን ጎማ በጣቴ ዙሪያ ጠምጥመው ጨበጥ አደረጉት። «አዲስ አበባ ደርሶ ነጭ ፈሳሽ አጠጥተው በራጅ ቢያዩት ኖሮ እናረጋግጥ ነበር። ራሱን ወደ ኋላ ሲጥል ቧንቧው ይወጠርና ትንሽ ይከፈትለታል። ማንም አላሳየውም፤ ራሱ ያገኘው ነው።»

ሃርሜ፣ እዚህ ላይ ስትደርሺ ተመልሰሽ እንደገና አንብቢው።

ሰው ሁሉ ምን ይልሽ እንደነበር አስታውሳለሁ። እትዬ አሰፋሽ ገና ደጃፉን ሳይረግጡ «አንገቱን ደግፊው እንጂ! ልጅ ይዘሽ አታውቂም?» ይሉሽ ነበር። እንጥሉ ወርዶ ነውና ይቆረጥ ያሉትም እሳቸው ናቸው፤ አንቺ ነሽ እንቢ ያልሽው። አዳዳ ወርቅቱ ደግሞ ከራሱ ሥር ነጠላ አጥፋ እየደረበች አገጩን ደረቱ ላይ ታሳርፈው ነበር። ሁላቸውም ስለሚወዱት ነው። የሌላውን ልጅ አንገት ሁሉ እንዲያ ደግፈው አሳድገዋል። አንቺ ብቻ፣ ሰው ሲወጣልሽ ጠብቀሽ፣ ክንድሽ ላይ ራሱን ትለቂለት ነበር። «እንዲህ ነው የሚወደው» ትይኝ ነበር፤ እውነትም ድምፁ ይቀንስ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከታሸገ ወዲህ ኦቦ ዲንሳ ቤት ተሰብስበን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስንጸልይ የእሱ ትንፋሽ ብቻ ይሰማ የነበረውን ታስታውሻለሽ? «ከሁላችን ደፋሩ ይሄ ነው፤ ቀበሌውን ሳይፈራ ጮክ ብሎ ይጸልያል» ብለው ኦቦ ዲንሳ ያሳቁሽ ዕለት ነበር ለመጨረሻ ጊዜ ስትስቂ ያየሁሽ።

አዲስ አበባ የምንሄድበት የይለፍ ወረቀት ሳይደርስ፣ ያን ጠዋት ክንድሽ ላይ ራሱን እንደጣለ ሲያርፍ፣ ሰው ያየው የተንጠለጠለውን አንገት ብቻ ነው። በለቅሶው ላይ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ አንቺም ሰማሽ፣ እኔም ሰማሁ። አንቺ ግን አመንሻቸውና ቤቱን ትተሽ ወደ ባኮ ሄድሽ። አንገቱን አልለቀቅሽበትም፣ ሃርሜ። አየር እየሰጠሽው ነበር።

ዶክተሩን ሌላም ነገር ጠየቅኋቸው። «እንዲያ እንደያዘችው ቢተዋት ኖሮ ይድን ነበር?» አልኳቸው። «አይድንም ነበር» አሉኝ። «ትንሽ ይቀለው ነበር እንጂ። ደረት ተከፍቶ የሚታረም ነገር ነው፤ እዚህ የሚያርመው ሰው እኔ አላውቅም። የማንም እጅ አይደለም የገደለው።» ቀጥለውም፣ «ያን ዕለት ወረፋው ብዙ ነበር። ለአዲስ አበባ ሐኪሞች ሁሉንም ጻፍኩላቸው። ለእናትህ ግን እንዳስለመድሽው ያዢው ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም» አሉኝ።

ወደ ቤት የተመለስኩት እየሮጥኩ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። አዳዳ ምስር ትለቅም ነበር። ሁሉንም በኦሮምኛ፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«እንግዲያው እኔ ነኛ» አለች።

«አይደለሽም! ዶክተሩ የማንም እጅ አይደለም ብለዋል።»

«ሐኪም ለለቅሶኛ ደግ ደጉን ይናገራል፣ ቀንዓ።»

አባባ ከጓዳ ሰምቶን ወጣ። አልተቆጣኝም። «ከአንዷ ላይ አንስተህ በሌላዋ ላይ ጫንከው» ብቻ አለኝና ኮቱን ለብሶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አዳዳ እንደድሮዋ አይደለችም። ሽሮዬንም አትሰድብም። የእትዬ አሰፋሽ ልጅ ወንድ ልጅ ተገላግላ ልንጠይቅ ሄደን ነበር። «እንኪ፣ ወርቅቱ፣ ታቅፈሽ መርቂው» ብለው ሕፃኑን ሲያቀብሏት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። «እጄ ቀዝቃዛ ነው» አለች። ቀትር ላይ ነበር፣ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ። ሴቶቹ ኮራች ብለው ተቀየሟት። እኔ ግን ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር።

በማግስቱ ብቻችንን ስንሆን «እናቱ በአፏ ብትነግረኝ አምናለሁ፤ ሌላ ሰው አላምንም» አለችኝ። ግን አንቺን መጠበቅ ፈርታለች። ልብሷን ጠቅልላ አስቀምጣለች፤ ከሰሞኑ ወደ እጃጂ ሳትሄድ አትቀርም። ከሄደች ተመልሳ እዚህ ቤት የምትገባ አይመስለኝም። ስለዚህ ቶሎ ነይ፣ ሃርሜ። እሷ እኔን አታምነኝም፤ ዶክተሩንም አታውቃቸውም። አባባም ዝም ብሏል። ይህን ከላይዋ ማንሳት የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ምክንያቱም ምን ያህል እንደሚከብድ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።

ለእኔ ብለሽ አይደለም። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ ዩኒፎርሜን ራሴ አጥባለሁ፣ ፈተናዬም ደህና ነው። አንድ ነገር ብቻ አለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በራችን ላይ የሴት ጫማ ከሩቅ ይታየኛል። የአዳዳ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቀርቤ እስካየው ድረስ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ከመታጠፊያው ጀምሮ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።

በዝምታሽም ውስጥ የሚሰማሽ አምላክ ከአንቺ ጋር ይሁን፤ እንቅልፍሽንም ይመልስልሽ። ዋቃዮ ሲ ሃ ኤጉ፤ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

ልጅሽ
ቀንዓ ተሬፋ