ምዕራፍ ስድስትና የዋሲላ ድስት

ሐይቅ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ ዋሲላ፣

ስልክ እንደማታነሺልኝ ስላወቅሁ መደወሉን ትቻለሁ። ባለፈው ረመዳን ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ልጅሽ ሱንዱስ አንስታ «እማዬ ሶላት ላይ ናት» አለችኝ። ሶላት በቀን አምስት ጊዜ መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ አንቺ ግን ለእኔ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ትሰግጃለሽ። ይሁን። ደብዳቤን ግን «ሶላት ላይ ናት» ብሎ መመለስ አይቻልም። ይህን የምታደርስልሽ የውጫሌዋ ጎረቤትሽ የኸሚስ ልጅ ኑርሀያት ናት። አንቺ ወዳለሽበት ጅዳ ልትመጣ መሆኑን ስሰማ ውጫሌ ድረስ ሄጄ በእጇ አስያዝኳት፤ ከእጅሽ ሳታገባ እንዳትቀር አስምያታለሁ።

ለይቅርታ አይደለም የምጽፍልሽ። ይቅርታውም አይቀርም፣ ግን አስቀድሜ የምነግርሽ ጠብ አለ። ከአንቺ ጋር ያለኝ ጠብ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ አርጅቷል። ይህኛው አዲስ ነው፤ ከሌላ ሰው ጋር ነው፤ የተጣላሁትም ባንቺ ምክንያት ነው።

መጽሐፌን ታውቂዋለሽ። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በኢየሩሳሌም፣ በአንጾኪያ፣ በቆሮንቶስ እንዴት እንደኖሩ፣ ከአይሁድና ጣዖት ከሚያመልኩ ጎረቤቶቻቸው እንዴት እንደተለዩ ለማወቅ፣ ታሪክ ከማስተምርበት ክፍል ስወጣ የባዕድ አገር መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ ሃያ ዓመት የፈጀሁበት ነው። «ሙታን ለተጣሉት አንቺን ምን ጥልቅ አደረገሽ?» እያልሽ ትቀልጂብኝ ነበር። ግን አንድ ምዕራፍ በጨረስኩ ቁጥር ከውጫሌ ተሳፍረሽ መጥተሽ የምትሰሚኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ ከሚጠብሱት ዘንድ ነበር የምንቀመጠው። ዓሣ «ማን አረደው?» ስለማይባል ከአንድ ሳህን እንበላለን። የጥንቶቹ ክርስቲያኖች ዓሣን ምልክታቸው አድርገው ይስሉ እንደነበር የነገርኩሽ ቀን ትዝ ይልሻል? «አራጅ ስለማይፈልግ ነዋ!» ብለሽ አጥንት እስኪያንቅሽ ሳቅሽ። እኔም ጀርባሽን እየመታሁ ሳቅሁ። ምዕራፍ ስድስትን ያነበብኩልሽም እዚያው ቦታ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ማናችንም አልሳቅንም።

ምዕራፉ ስለ ማዕድ ነበር። የእነዚያ ሰዎች የሥጋ ጠብ፣ ለጣዖት የተሠዋውን እንብላ አንብላ፣ ካልተገረዘው ጋር እንቀመጥ አንቀመጥ። መደምደሚያዬንም አሳምሬ ጽፌው ነበር፦ ሥጋቸውን በለዩ ቀን ልባቸውን ለዩ፤ ከአንድ ድስት መብላት የተዉ ጎረቤታሞች ጉርብትናቸው እዚያው አበቃ። አንብቤ ስጨርስ እጅሽን በወረቀት ጠረግሽ።

«ይታይሽዬ፣ ይሄ ነገር ልክ አልመሰለኝም» አልሽ።

«የቱ?»

«ድስት ሲለይ ልብ ተለየ ያልሽው። እኛ እኮ ወላሂ ከአያት ከቅድመ አያት ድስታችን ለየብቻ ነው። መች ተለያየን? እንዲያውም ልንገርሽ፣ ድስት የሚለየው አብሮ ለመብላት ነው። የማይጠራራ ሰው ሁለተኛ ድስት ምን ያደርግለታል?»

እኔስ ምን አልኩሽ? «አንቺ ስለ ክርስትና ምን አውቀሽ ነው?»

ያንን ቃል ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት አንድ የምሁራን ጉባኤ ላይ ጽሑፌን ሳቀርብ፣ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ሳቅ እያለ «እህቴ፣ አንቺ ምን አውቀሽ ነው እዚህ ውስጥ የገባሽው?» ብሎኝ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። እዚህ ሐይቅ ያለው ገዳም ሴት ስለማይገባበት ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጬ መነኮሳቱ እየተመላለሱ ጥያቄዬን ሲመልሱልኝ የዋልኩባቸው ቀናት አልከበዱኝም፤ እሱ ሥርዓት ነው፣ እነሱም በትሕትና ነበር የመለሱልኝ። የአዳራሹ ሳቅ ግን አጥንቴ ውስጥ ቀረ። እናም ሰውዬው ያቀመሰኝን አንድም ሳላስቀር ለአንቺ አቀበልኩሽ። የአዋቂ አጥፊ ይሉሻል እኔን ነው።

ሻሽሽን አስተካክለሽ «መኪና ሳያመልጠኝ» ብለሽ ተነሣሽ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ የውጫሌ መኪና እስከ ማታ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከሁለት ወር በኋላ የልጄ የማስተዋል ሰርግ ደረሰ። አትመጣም ብዬ ቆርጬ ነበር። አንቺ ግን ከዋዜማው ጀምሮ ሦስት ትልልቅ ብረት ድስት ባጃጅ ላይ ጭነሽ፣ ወንድምሽን አብዱልሃሚድን አስከትለሽ ከደጄ ወረድሽ። እሱ ቢስሚላህ ብሎ የእናንተን በጎች አረደ፤ አንቺ የሙስሊሙን ዳስ ተረከብሽ፤ ወጡም የማያሰክረው መጠጥ ቀሪቦውም በአንቺ ትእዛዝ ሆነ፤ ስድሳ እንግዳ አንድም ሳይከፋው በልቶ መርቆ ሄደ። እኔን ግን አላናገርሽኝም። «ጨው አላነሰም?» ብዬ ስጠይቅሽ ማማሰያሽን ይዘሽ ወደ ወንድምሽ ዞርሽና «አብዱልሃሚድ፣ አላነሰም በላት» አልሽ። እሱም ምስኪን ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ለቆምኩት ለእኔ «አላነሰም ትልሻለች» አለኝ።

ኩርፊያሽን ሳትለቂ፣ ድስትሽን ለይተሽ፣ ድግሴን አወጣሽልኝ። ምዕራፍ ስድስትን የሚያፈርስ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይመጣል? ዓይኔ ሥር ነበር። እኔ ግን በዚያው ዓመት በሚያዝያ መጽሐፉን አንዲት ፊደል ሳልነካ አሳተምኩት። ምን እንደነካኝ ልብሽ ያውቃል፣ እልህ ነው። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን የጣልኩት እኔ ነኝ። አንቺም በዓመቱ ልጅሽ ጋ ጅዳ ሄድሽ።

ታዲያ ስምንት ዓመት ያልገባኝ ነገር እንዴት እንደገባኝ ልንገርሽ። አንቱ የተባለ ምሁር አይደለም የነገረኝ። አምና ማስተዋል ሁለተኛ ልጇን እኔ ጋ ክርስትና ልታስነሣ ከደሴ መጣች። ድስት አነሰን። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ እሷ በርጩማ ላይ ወጥታ ከማድቤቱ ግድግዳ ላይ ያንቺን ድስት አወረደችው። ከሰርጉ ማግስት ሁለቱን ወስደሽ ሦስተኛው እኔ ጋ ቀርቶ ነበር፤ ጆሮው ላይ ያሰርሽው አረንጓዴ ክር እስካሁን አለ።

«አትንኪው!» ብዬ ጮህኩ። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ።

«እንዴ እማዬ! ድስት አይደል እንዴ?»

«የዋሲላ ነው። የእኛ ሥጋ አይገባበትም። መልሺው!»

«ሴትዮዋ እኮ አታናግርሽም።»

«ባታናግረኝስ?»

«ስምንት ዓመት ሙሉ?»

«መቶ ዓመትስ ቢሆን!»

ልጄ ድስቱን አቅፋ በርጩማው ላይ እንደቆመች አየችኝ። እሷ መጽሐፌን እስከ ምዕራፍ አራት ነው ያነበበችው፣ ስለዚህ ምን እንደነካኝ አልገባትም። እኔ ግን ያቺን «ባታናግረኝስ» ከአፌ ስሰማት ቁጭ አልኩ። በየዓመቱ ለጥምቀት ቤቱን ሳጸዳ ያንን ድስት አወርደዋለሁ፤ ለብቻው ባልዲ፣ ለብቻው ጨርቅ ይዤ አጥቤ፣ አድርቄ እሰቅለዋለሁ። ድስት ሲለይ ጉርብትና አበቃ ብዬ ያሳተምኩት ሴትዮ፣ የተጣላኋትን የባልንጀራዬን ድስት ለይቼ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። የለየሁት ትመጣለች ብዬ ነው። አንቺ ሐይቁ ዳር ያልሽውን እጄ ያውቀው ነበር፤ ጭንቅላቴ ብቻ ነው የቀረው።

ከዚያ በኋላ ከመጽሐፎቼ ጋር እንደ አዲስ ተያያዝኩ። አዳዲሶቹ ጥናቶችም ወደ አንቺ እየመጡ ነው፤ መለያየቱ ብዙዎቻችን እንዳሰብነው በአንድ ጀምበር አልሆነም ይላሉ። አንጾኪያ ውስጥ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ እንኳ አንድ ሰባኪ ምእመናኑን ወደ አይሁድ በዓል ለምን ትሄዳላችሁ እያለ ይቆጣቸዋል። ይህን ስብከት በፊትም አንብቤው ነበር። ያኔ ያየሁት ቁጣውን ነው። አሁን ሳነበው ሳቄ መጣ፤ የማይሄድን ሰው ለምን ሄድክ ብሎ የሚቆጣ ማን አለ? ሁሉም ተፋቅረው ኖሩ ማለቴ አይደለም፤ የተጠላሉም፣ ደም የተፋሰሱም ነበሩ። ድስታቸው ግን አይመሰክርባቸውም።

የዓሣውን ነገር ግን አልቀበልሽም። እሱ ቀልድሽ ነው፤ እርማት ውስጥ አላስገባውም።

ምዕራፉን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ከፊቱም አንድ ገጽ ጨመርኩ። ገጹ ይህን ይላል፦ «በመጀመሪያው እትም ምዕራፍ ስድስት ላይ የጻፍኩት ስሕተት ነው። ስሕተት መሆኑን ገና ሳይታተም የነገረችኝ የውጫሌዋ ዋሲላ ኑርዬ ናት። አልሰማኋትም። ድስት የሚለየው አብሮ ለመብላት ነው ያለችው እሷ ናት።»

ጠቡ የተነሣው በዚህች ገጽ ነው። አዲስ አበባ ያለው አርታኢ ደወለልኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«መምህርት፣ ምዕራፉ ድንቅ ሆኗል። ይቺ "ስሕተት ነው" የምትለዋ ገጽ ግን ትውጣ። ዝም ብለን እናስተካክለውና የውጭዎቹን ጥናቶች በግርጌ እንጥቀስ። ኮሌጁም የሚለው ይህንኑ ነው።»

«ዋሲላስ?»

«ወይዘሮ ዋሲላ በምን ዘርፍ ነው ያጠኑት?»

«በድስት» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«መምህርት፣ ስለ ጥንት ክርስትና በተጻፈ መጽሐፍ ላይ አንዲት ሙስሊም እናት ምንጭ ሆነው ሲጠቀሱ አንባቢ ምን ይላል?»

«ወሎ ያደገ አንባቢ ከሆነ፣ ደራሲዋ እስካሁን የት ነበረች ይላል።»

ኮሌጁ ያለው የነገረ መለኮት ኮሌጅ ነው፤ መጽሐፉን ተማሪዎቹ ሊማሩበት ተስማምቶ ነበር። ያቺን ገጽ ካላወጣሁ ግን አይሆንም ብሏል። ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ጉባኤ አልቅሼ የመጣሁ ቀን «አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ አንድ ቀን ልጆቻቸውን በመጽሐፍሽ ያስተምራሉ» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ያ ቀን በሬ ላይ ደርሶ ነበር።

«ረቂቄን መልስልኝ» አልኩት።

አዎ፣ አለቀስኩ። ሠላሳ ዓመት የተመኘሁት ነገር ነው፤ ድንጋይ አይደለሁም። ግን እንዴት ብዬ ነው? ያኔ አፍሽን የዘጋሁት ሳያንስ አሁን ደግሞ ቃልሽን ወስጄ ስምሽን ልፋቀው? ስሕተቴን በአደባባይ አሳትሜ እርማቴን በጓሮ ላስገባ? ምስክሯን ደብቃ የምትወጣ መጽሐፍ ተማሪ ባይማርባት ይሻላል። ይቅርባቸው! ደሴ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ሊያወጣልኝ ተስማምቷል፤ ሁለተኛው እትም፣ የታረመና የተሻሻለ፣ ከነገጹ። የምታንስ ሴት ከሆንሽባቸው እነሱ ይነሱ። እኔ ከዚህ በኋላ ለማንም አንገቴን አልደፋም፤ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ለመፍራት ረፍዶብኛል።

ይቅርታው እንግዲህ ይኸው። በድዬሻለሁ፣ ዋሲላ። ቃሌም፣ ዝምታዬም፣ እልሄም በድለውሻል። ይቅር በዪኝ ብዬ ግን አልለማመጥሽም፤ ሥራ ነው የምሰጥሽ። ከደብዳቤው ጋር አዲሱን ምዕራፍ ስድስት ልኬልሻለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶም አብሬ አድርጌያለሁ። ስምንተኛ ክፍል ሳለን ከፊቴ ተቀምጠሽ ደብተሬን ታርሚው እንደነበር አርሚው። ማተሚያ ቤቱን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አስጠብቄዋለሁ።

አንድ የምጠይቅሽም አለኝ። ያንን ድስት ረስተሽው ነው ወይስ ትተሽው? ክር ያሰርሽበትን ዕቃ ረስተሽ የምትሄጂ ሴት አይደለሽም። ይህን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እያሰብኩት መልሱን ስፈራው ኖሬያለሁ።

ድስቱን በሰው አልልክልሽም፣ ስለዚህ እንዳትልኪብኝ። በጥር፣ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ፣ መጽሐፉን እዚሁ ግቢዬ ውስጥ አስመርቃለሁ። ለአብዱልሃሚድ ነግሬዋለሁ፤ ቢላዋውን ይዞ ይመጣል። ሁለት ድስት ይጣዳል። የእኔን እኔ አማስላለሁ፤ ያንቺን ግን ካንቺ በቀር የሚነካው የለም። ካልመጣሽም ባዶውን እጥደዋለሁ፤ እንግዳው ሁሉ ይየው።

ስምሽን ከነቃልሽ የማሳትመው፣

ይታይሽ