እጁ እንዳይታሰር

ኅዳር 8፣ ሰኞ
ከት/ቤት መልስ። የአምስተኛ ክፍል ደብተር እያረምኩ ነው። ልቤ ግን እዚያ የለም።

አበራ ማሽላ አጨዳ ላይ ነው። ምሳ ሳደርስለት ደግሜ ጠየቅኩት። ለጽዮን እንቁረብ። ቀና አላለም፤ ማጨዱን ቀጠለ። አንቺ ቁረቢ አለኝ። ባልና ሚስት ለየብቻ እንደማይቆርቡ እያወቀ።

ማስታወሻዬ፣ የምፈራውን ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። በሰማንያ ነው የተጋባነው። ሰማንያ ይፈርሳል፤ ከቆረቡ ወዲያ ግን መፋታት የለም። ልጅ አልወለድኩለትም። ሊተወኝ አስቦ ይሆን?

ኅዳር 10፣ ረቡዕ
የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። አባ ለምን እንደቸኮልኩ ጠየቁኝ። እጾማለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ግን ከአጥር ውጭ ቆሜ የምጣራ ይመስለኛል አልኳቸው። እሳቸው ስለ ቁርባን ሲያስተምሩ፣ እኛ በእሱ እንኖራለን፣ እሱም በእኛ ይኖራል ይላሉ። የያዘችኝ «ይኖራል» የምትለዋ ናት። እንግዳ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሚኖር ግን አይሄድም።

አበራ እምቢ ማለቱን ስነግራቸው፣ ሞላ ከእስር መፈታቱን ሰምቷል ወይ አሉኝ። ሞላ የሚባል ሰው አላውቅም። እሱን ራሱን ጠይቂው ብለው ሸኙኝ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ
ጠየቅኩት። ምነው ባልጠየቅኩ።

እኔ ተመድቤ ቆቦ ሳልመጣ በፊት ነው። የጎርፍ ውሃ ወደ ማሳ ሲጠልፉ ጠብ ተነሣ፤ ሞላ የአበራን ታላቅ ወንድም ገደለ። ወንድሙ በጠብ መሞቱን እንጂ ገዳዩን ማንም አልነገረኝም። አሁን ሞላ ፍርዱን ጨርሶ ወጥቷል። ጎብዬ ከተማ፣ እናቱ ቤት ነው።

አበራ ይህን ሁሉ የሰው ታሪክ እንደሚያወራ አድርጎ ነገረኝ። አለመቁረብህ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው አልኩት።
«ከቆረብኩ እጄ ይታሰራል» አለ። ቀጥሎ ጎረሰ።

መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ሊተወኝ አይደለም! ቀጥሎ እጁን ለምን እንደሚፈልገው ገባኝ።

ኅዳር 14፣ እሑድ
ከቅዳሴ መልስ። ቆራቢዎቹ ሲቀርቡ እኔ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። አበራ አልመጣም።

ሕዝቡ ሲበተን አባን ያዝኳቸው። ሞላ ንስሐ ገብቶ ቢቆርብ በእሱም ይኖራል ወይ?
«በእሱም ይኖራል» አሉ። «ሁለት ክርስቶስ የለም፣ ልጄ።»

ተናደድኩ። ደህና ዋሉ ሳልል ሄድኩ። መንገድ ላይ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። አበራ ሞላን ቢመታ የሚመታው ማንን ነው? ከዚህ ጥያቄ መውጣት አቃተኝ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ
አበራ ማሳ አልወረደም። ማሽላው ተቆርጦ ወፍ እየለቀመው ነው። እሱ በር ላይ ተቀምጦ ጠመንጃ ይወለውላል። ቅዳሜ ጎብዬ እወርዳለሁ አለ። 

ለፖሊስ ልናገር? ባሌን አሳሰርኩ ማለት ነው። ዝም ልበል? ሰው ይሞታል፤ ከዚያ የሞላ ወገን አበራን ይፈልጋል። ማለቂያ የለውም።

ከሰዓት ሐጂ ይማም ቤት ገባሁ። ጎረቤታችን ናቸው፤ እህል ነጋዴ፣ የአበራ አባት ወዳጅ የነበሩ። አበራ ከእሳቸው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ሁሉንም ነገርኳቸው። እያለቀስኩ። መስጊድ ሊሄዱ ተነሥተው ነበር፤ ተመልሰው ተቀመጡ።
«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «የወንድሙን መቃብር ከቆፈርነው አንዱ ነኝ። ሁለተኛ አልቆፍርም።»

ኅዳር 18፣ ሐሙስ
አበራ መናገሬን አወቀ። ሐጂና አባ ሽማግሌዎች አስከትለው ጠዋት መጡ። እስከ ቀትር ለመኑት። እሱ መሬት መሬት ያያል። እንደወጡ ወደ እኔ ዞረ።
«አሳልፈሽ ሰጠሽኝ።»
ለማን ልስጥህ አልኩት። 

ያቀረብኩለትን ሽሮ አልነካም። የሚተኛውም ውጭ መደብ ላይ ነው። ልጸልይ ብዬ ቆምኩ። በእኔ ኑር እላለሁ፣ ከዚያ እቀመጣለሁ። ለምን መሰለሽ? አይቼው የማላውቀውን ሞላን እንዴት እንደጠላሁት ሳየው ደነገጥኩ። እኔ ነበርኩ ለቁርባን ዝግጁ ነኝ ባይዋ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ጊዜ የለም። በአጭሩ ልጻፍ።

አበራ ማልዶ ተነሣ። ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ። አለቀልኝ ብዬ በር ይዤ ቀረሁ። የሄደው ሐጂ ግቢ ነው። ባዶ እጁን ተመለሰ።

አጠገቤ ተቀመጠ። በሽማግሌዎቹ ልመና ሞላና ዘመዶቹ ዛሬ ጎብዬ ቤ/ክ ደጃፍ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ሊጠይቁ ነው አለ። ይቅር አላልኩም፣ ፊቱን ላየው ብቻ ነው የምሄደው አለ። ካየው በኋላ ምን እንደሚያደርግ እንደማያውቅ ለአባም ነግሯቸዋል። ይህንኑ ይዘህ ና ብለውታል።

ነገ ጽዮን ናት። አንቆርብም። እኔም አላነሣሁበትም።

ድንገት እሱው ጠየቀኝ። «በእኛ ይኖራል የምትይው፣ እንዲህ ባለ ሆድ ውስጥም?»
አላውቅም አልኩት። የእኔም ሆድ ከሐሙስ ጀምሮ ያው ነው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ስንት ቀን ሳያየኝ ከርሞ።

ለደም እርቅ ሴት አትሄድም አለኝ። እሄዳለሁ አልኩት። ተነሥቶ ወጣ።

ባጃጁ በር ላይ ቆሟል። ሐጂና አባ ቀድመዋል። አበራን በመስኮት አየዋለሁ። ከኋላ ገብቶ መሀል ላይ ተቀምጧል፤ ወደ ቤቱ እያየ ነው። አሁን ጠጋ አለ። ቦታ ለቀቀልኝ። ልሂድ፣ ነጠላዬን…