አልጠፋ ያለው መስቀል

ረቡዕ፣ መጋቢት 16፣ ለቡ

ዛሬ ቲቪ ሠሪው መጥቶ አየውና «ስክሪኑ ተቃጥሏል። ይሄ ኦሌድ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ስክሪን እኮ አንድ ምልክት ቀኑን ሙሉ ሲቆምበት አይችልም፤ የድሮው ኤልኢዲያችሁ ቢሆን ምንም አይለው ነበር» አለኝ። የድሮውን ቲቪ ጥቁር ቀለሙ በደንብ አይጠቁርም ብዬ ብስራተ ገብርኤል ላለችው እህቴ የሰጠሁት እኔው ነኝ።

ለአዲሱ ያልሆንኩት የለም። ከደረቅ ለስላሳ ጨርቅ በቀር አላስነካሁትም። የባሌ እናት የሠሩለትን ዳንቴል እንኳ ሙቀት ያፍናል ብዬ አንስቼ አስቀይሜያቸዋለሁ። እሳቸው ግን ጾሙ ከገባ ጀምሮ የመዝሙሩን ጣቢያ ከፍተው ይውላሉ፤ ቅዳሴ እየተቀደሰ አይዘጋም ባይ ናቸው። የጣቢያው ምልክት የሆነው መስቀል ስክሪኑ ጥግ ላይ ታትሞ ቀረ። ዜናም ይሁን ኳስ፣ እዚያው ነው።

ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ገባሁ።

«እማማ፣ ቲቪው ምን እንደሆነ አዩ?»

ብድግ ብለው አማተቡ።

«አየሁ እንጂ ልጄ። የትም ብትቀይሪው አልጠፋ አለ። ለጎረቤቱ ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ነገ ሊሳለሙት ይመጣሉ።»

ሊሳለሙት። እኔ በደረቅ ጨርቅ ብቻ የምጠርገውን ስክሪን።