በተልባ ላይ የቀረበ ክስ

ለልጄ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? እኔና ልጅህ ደህና ነን። እኔን ከጉልበቴ፣ እሷን ከፈተና ጭንቀት በቀር የሚያመን ነገር የለም።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። የመናኸሪያው ማኅተም ተመትቶበት፣ ‹ጉዳዩ፦ ባለቤቴን ስለማፈላለግና በጸጉሯ ላይ ስለደረሰው ጉዳት› የሚለው ከሥሩ ተሰምሮበት። አሥራ አንድ ዓመት አብሬህ ስኖር አንዲት መስመር ጽፈህልኝ አታውቅም፤ አሁን ቁጥር ያለው ደብዳቤ ደረሰኝ። የስምሪት ኃላፊ መሆን ደግ ነው። ድሮ እንግዳ ፊት ‹አንቱ በይኝ› ትለኝ ነበር። እዚህ እንግዳ የለም፤ አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ክስህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ‹ያ የምትቀቅዪው ልጋግ› የሚስትህን ጸጉር እንደነቀለው፣ አእምሮዋን እንዳበላሸው፣ አንተንም ደረጃ ላይ እንደጣለህ ጽፈሃል። የት እንዳለች ካልነገርኩህም ጸጉር ቤቴን እንደምታዘጋ ጨምረሃል። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ሲከሰስ ሰምቻለሁ፤ ተልባ ሲከሰስ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲያው ተከሳሹ ምን እንደሆነ ላስረዳህ፤ ዳኛም ቢጠይቀኝ የምለው ይህንኑ ነው። አንድ እፍኝ ተልባ፣ ሁለት ኩባያ ውኃ። መካከለኛ እሳት ላይ ይጣዳል፤ ከሥሩ እንዳይዝ ይማሰላል። ነጭ አረፋ ሲያወጣና ከማንኪያው ላይ እንደ እንቁላል ነጭ እየተሳበ ሲወርድ እሳቱ ይጠፋል። ትኩስ እያለ በአሮጌ ናይለን ካልሲ ይጠለላል፤ አንዴ ከቀዘቀዘማ ያንተ የመናኸሪያ ፊሽካ እንኳ አያዘውም፣ ፍሬውን አይለቅም። ትንሽ የእሬት ውኃ ጠብ ይደረግበታል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሳምንት ካለፈው ይደፋል። አለቀ። ሚስትህን አሳበዳት ያልከው መድኃኒት ይኸው ነው።

እርጥብ ጸጉር ላይ ይቀባል፤ ሲደርቅ ጸጉሩን ባስያዙት ቦታ ይዞ ይቆያል። ይይዛል እንጂ አይነቅልም። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ራስ ስዳብስ የኖርኩ ሴት ነኝ። በማለስለሻ ቅባት፣ በሪላክሰር፣ የተጎዳ ጸጉር ከመሐሉ ይሰበራል፤ በካውያ የተቃጠለ ጫፉ ይሰነጠቃል። በአንድ በኩል ብቻ፣ የመዳፍ ስፋት ያህል፣ ከነሥሩ የሚሄድ ጸጉር በምን እንደሚሄድ ግን እስቲ አንተ አስረዳኝ።

ሚስትህ ጸጉር ቤቴ የመጣችው ከስድስት ወር በፊት ነው፣ ቅዳሜ ቀን፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ አስራ። የልጅህ እናት መሆኔን አውቃ ይሁን ሳታውቅ ያን ዕለት አልገባኝም። ወረፋዋን ሁለቴ ለሌላ ሰው ለቀቀች። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ሻሿን ለመፍታት አምስት ደቂቃ ፈጀች። የተነቀለው ከግራ ጆሮዋ በላይ ነበር። ምን ነካሽ አላልኳትም፤ እሷ ግን ሳልጠይቃት ‹ማበጠሪያ ነው፣ ሳበጥር እቸኩላለሁ› አለችኝ። እኔ በጊዜዬ ‹የቁም ሣጥን በር ነው› ነበር የምለው። ልጅቷ ከእኔ ትሻላለች፤ ማበጠሪያ ቢያንስ ከጸጉር ጋር ይዛመዳል።

የራሴን ሻሽ ፈታሁና ጎንበስ አልኩላት። ቦታውን ታውቀዋለህ፤ ከዚያ ወዲህ አልበቀለበትም። አየችውና ‹እትዬ፣ ታዲያ እርስዎ በምን ይሸፍኑታል?› አለችኝ። ጓዳ ገብቼ ምድጃውን ለኮስኩ።

አንተ እኮ ያንን ድስት ታውቀዋለህ። ባየኸው ቁጥር አፍንጫህን ይዘህ ‹ደግሞ ንፍጥሽን ጣድሽ› ትል ነበር። ለመቆነጃጀት ይመስልህ ነበር። አንተን ከሰው ዓይን ለመሸፈን ነበር የምቀቅለው። ስምህ በሰፈሩ ንጹሕ ሆኖ የኖረው በእኔ ተልባ ነው፤ አመስግነኸኝ ግን አታውቅም።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጣች። መጀመሪያ እኔ ቀባኋት፤ ቀጥሎ ራሷ መቀባት ተማረች፤ በኋላ መቀቀሉንም አስተምሪኝ አለች። የመጀመሪያ ቀን ወሬ ይዛ አቀዘቀዘችውና ካልሲው ውስጥ ረጋባት። ጫፍና ጫፉን ይዘን ስንጎትት ፈነዳ፤ ግድግዳው፣ መስታወቱ፣ የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሳይቀር ተልባ በተልባ ሆነ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ደንግጣ አፏን በመዳፏ ያዘች። ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኳትም፤ እኔም እዚያው ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት።

ሪላክሰሩን አስተውኳት። ከሥሩ አዲስ የመጣው ጸጉሯ ጥቅልል ያለ ነው፤ የሞተውን ጫፍ ቆርጠንለት አጭር ሆኖ ቀረ። አንተ ግን ይህን አላየህም። ቤት ውስጥ ሻሿን አትፈታም ነበር፤ አንተም ፍቺ ብለህ የጠየቅካት አይመስለኝም።

አሁን ወደ ደረጃው እንምጣ። ያን ጠዋት ስትቀቅል ደረስክባትና ድስቱን ነጥቀህ ደረጃው ላይ ደፋኸው። ከዚያ ኮትህን ልትለብስ ተመለስክ። ለብሰህ ስትወጣ ግን የደፋኸውን ረሳኸው፤ ያደረግኸውን ቶሎ መርሳት ድሮም ታውቅበታለህ። ሰባት ደረጃ በመቀመጫህ ወረድክ። ፊሽካው አፍህ ውስጥ ስለነበር በየደረጃው ይጮህ ነበር አሉ። እውነት ይሁን የጎረቤት ጨዋታ አላውቅም፤ እኔ ግን ማመን መርጫለሁ። ‹ልጋጉ ጣለኝ› ብለህ ትከሳለህ። ተልባ በእግሩ ሄዶ ደረጃ ላይ አይተኛም።

አንተ ሐኪም ቤት በሆድህ ተኝተህ ወገብህ ሲታይ፣ እሷ አንድ ቦርሳ ይዛ በሬን አንኳኳች። አምስት ቀን ከልጅህ ጋር አንድ አልጋ ላይ አደረች። ሁለቱ ምን እንደተጫወቱ አልሰማሁም፤ ልጅህ ግን የሆነ ጠዋት መጥታ አቀፈችኝ።

ክሱን አስገባ። እኔም እመጣለሁ። ብዙ አልናገርም፤ ዳኛው ፊት ሻሼን እፈታለሁ፣ ከዚያ እንደገና አስሬ እወጣለሁ።

የት አለች ብለህ ስትጠይቀኝ ግን ገረመኝ። የሸኘሃት እኮ አንተ ነህ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ አውቶቡስ የሚነሣው ከዚያ ብቻ ነውና፣ ወደ መናኸሪያህ ብቻዋን ሄደች፤ እኛን ካየህ ትነቃለህ ብለን ቀረን። ከመውጣቷ በፊት ጸጉሯን እርጥብ እያለ ከፋፍዬ ቀባሁላት፤ ከጆሮዋ በላይ ያለውን በጥቅልሉ አልብሼ አስያዝኩት። ሻሽ አላሰረችም። ያን ቀን በከዘራ ተደግፈህ ሥራ ገብተህ ነበር። አውቶቡሱ በር ላይ ፊት ለፊት ተያያችሁ። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። አንተ ጎንበስ ብለህ፣ በዚያ በታመመ ወገብህ፣ አንስተህ ሰጠሃት። ‹አይዞሽ እህቴ፣ ቀስ ብለሽ ግቢ፣ ቦታ አለ› አልካት። ከዚያ የመኪናውን ጎን መታ መታ አድርገህ ፊሽካህን ነፋህ።

ስድስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር የኖረችውን ሴት።

ያን ጠዋት ስንት መኪና እንደሸኘህ አንተ ታውቃለህ፤ የትኛው እንደነበር ከእኔ አትሰማም። ከደረሰች በኋላ ደውላ ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ቆየችና ‹እትዬ፣ በጨዋነት ሲያናግረኝ እኮ የመጀመሪያው ነው› አለችኝ።

እንግዲህ ዕድሜ ይስጥህ፤ ጤናም አይንሳህ። እጅህን ግን ፈጣሪ ያሳርፍልህ።

የልጅህ እናት