አንድ ሶኬት፣ ሁለት ካውያ

ውድ ባለቤቴ፣

ደህንነትህን አልጠይቅም፤ ትናንት በስልክ ከነሳልህ ሰምቼዋለሁ። ይህን የምጽፍልህ በስልክ ስለማታስጨርሰኝ ነው። እኔ አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት መስመሩ ይቆራረጥብሃል፤ ያንተ ተራ ሲሆን ግን አንድም ቃል አይጠፋም። ስለዚህ የግሬደሩን ሞተር አጥፋና ጥላ ፈልገህ ቁጭ በል። መሃል ላይ ደርሰህ "ቆይ መልሼ ልደውልልሽ" ማለት አትችልም።

የምነግርህ ስለ ክፍሏ ነው። አንተ መርጠህ ስለተከራየሃት፣ "ለሁለት ሙያ ትበቃለች" ብለህ እኔን ከስፌት መኪናዬ ጋር በግራ፣ ታናሽ ወንድምህን ከተበታተኑ ሬዲዮኖቹ ጋር በቀኝ ስላስቀመጥክባት ክፍል። መስኮት እንደሌላት ታውቃለህ። ከፊት ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት በር፣ ከኋላ እርጥበት የበላው ግድግዳ ነው። እግሬን ስዘረጋ የወንድምህን በርጩማ እመታለሁ፤ እሱ ሲያዛጋ ትንፋሹ እኔ ጋ ይደርሳል። አንተ የምትሠራው መንገድ በራቀ ቁጥር አብረኸው ትርቃለህ፤ ዛሬ ከተራራ ሥር፣ ነገ ከወንዝ ማዶ ነህ። እኛ ግን ቂጣችንን ስናዞር እንኳ ተጠያይቀን ነው።

ሶኬቱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ስትከራይ አላየኸውም፣ ወይም አይተህ ዝም ብለሃል። አንዴ ማከፋፈያ ገመድ ገዝተን ሁለታችንም ሰካን። ፊውዙ ተቃጠለ፣ የአከራያችን የእማማ ቴሌቪዥን ድራማው መሃል ላይ ድርግም አለ፣ እማማም ሳምንት ሙሉ ሰላምታችንን አልመለሱም። ከዚያ ወዲህ ገመድ ካዩ ክፍሏን እንደሚያስለቅቁን ነግረውናል። ስለዚህ ወይ የእኔ ካውያ ይሰካል፣ ወይ የእሱ። የእኔ ልብስ የምተኩስበት ነው። የእሱ እንደ እስክሪብቶ የቀጠነ፣ የሬዲዮን ሽቦ የሚበይድበት ነው። ሁለቱም ካውያ ናቸው፣ ሁለቱም ያቃጥላሉ።

ለምን ሌላ ስም አታወጡላቸውም ትለኝ ይሆናል። ሞክረናል እኮ። "ትልቁ ካውያ"፣ "ትንሹ ካውያ" ብለን ተስማማን። በሳምንቱ ወንድምህ ወፈር ያለ ሌላ መበየጃ ገዛና እሱን "ትልቁ" ማለት ጀመረ። "የእኔ" እና "ያንቺ" እንበል አልን፤ ያም ተናጋሪው በተለዋወጠ ቁጥር እየዞረ አደናገረን። በመጨረሻ ተውነው።

የዳቦ ጋጋሪውን ነገር ነግሬሃለሁ። ወንድምህ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ሳለ ሰውዬው በሸሚዝ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና "ካውያ ትንሽ ነካ ይደረግለት፣ ሌላ ምንም የለበትም" ብሎኝ ሄደ። ስፈታው ሸሚዝና ሬዲዮ ነው። ሬዲዮውን አደራ ዕቃ መስሎኝ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ሸሚዙን ውሃ ረጭቼ፣ ኮሌታውን አቅንቼ፣ እጅጌውን ቀጥ አድርጌ ተኮስኩለት። ሰውዬው ሲመለስ "ሬዲዮኔስ?" አለኝ። "ጫፉንም አልነካሁብህ" አልኩት በኩራት። ሸሚዙን አገላብጦ አየና "በዚህ እኮ ነው መጋገሪያውን የምወለውለው" አለ። ቢሆንም ለብሶት ሄደ።

ወንድምህም አልቀረለትም። አንድ መምህር ለስብሰባ የሚለብሰውን ኮት ጥሎለት "ካውያ" ብሎ ሲሄድ፣ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ አገኘ። ከፍቶ ጠረገው፣ የላላውን በየደው፣ መልሶ ገጠመው። ኮቱ እንደተጨማደደ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። "ሬዲዮው እኮ ደህና ነበር" አለ መምህሩ። "አሁን የበለጠ ደህና ነው" አለው ወንድምህ፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይበት።

ይህን ስነግርህ እስኪያስልህ ሳቅህ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ስትዘጋው ግን እኔ እዚያችው ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ ግድግዳው አፍንጫዬ ሥር። አንተ ቀልዱን ይዘህ ሄድክ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። አብራኝ ስፌት የተማረችውን፣ አንተ "ወሬኛዋ" የምትላትን ጓደኛዬን ታስታውሳታለህ። ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ ፎቅ ላይ ትልቅ የስፌት ቤት ከፍታለች። በሁለት በኩል መስኮት አለው። ጨርቅ ሙሉ ለሙሉ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ አለው። ልብስ ቆራጭ ሁኚልኝ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ አይሆንም አልኳት። በሦስተኛው "እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ፤ ከዚህ በላይ አልለምንሽም" አለችኝ። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። መሄድ እፈልግ ነበር፣ እግሬ እስኪበላኝ ድረስ።

ያልሄድኩት ባንተ ምክንያት ነው። አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል እጄን ይዘህ ያልከኝን አልረሳሁትም። "ወንድሜን አደራ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ልቡ ተሰብሯል። ብቻውን ከሆነ ወደ መጠጡ ይመለሳል፤ አንቺ ካጠገቡ ካልጠፋሽ ግን ይተርፋል" አልከኝ። አንጀቴን በላኸው። እኔም ያንተን ወንድም እንደ ራሴ ወንድም አድርጌ ጠበቅሁት። ሲያረፍድ ልቤ ይሰቀላል። ጠዋት ሲገባ ቀስ ብዬ አሸተዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ የአንድ ጠበቃ ሱሪ ተቃጠለ። ጥቁር ሱሪ፣ ከሰዓት ችሎት የሚገባበት። እየተኮስኩ ሳለ እማማ ከውጭ ሲጠሩኝ ካውያውን ሱሪው ላይ ተውኩትና ከበሩ ሆኜ "ካውያውን አንሣልኝ" አልኩ። ወንድምህ እንዳቀረቀረ፣ የጨርቄ ጫፍ ላይ ያረፈውን የራሱን ካውያ አንሥቶ በሥርዓት ሰቀለው። ስመለስ ጭስ ነው። ልክ መቀመጫው ላይ የካውያዬ ቅርጽ ከነጫፉ ታትሟል። ቆሽቴ አረረ፤ ግን ማንን ልቆጣ፣ ያልኩትን ነው ያደረገው።

ምን እናድርግ ስንባባል ጠበቃው ቦርሳውን ይዞ መንገዱን ሲሻገር አየሁት። "ዝጋው" አልኩ። ወንድምህ በሩን ወደ ታች ሳበው፤ ሞላው ቷ ብሎ ተበጠሰና በሩ መሬት ሊነካ እጅ የሚያሾልክ ያህል ሲቀረው ተቀረቀረ። ወደ ላይ ብንገፋው፣ ብንወዘውዘው፣ ወይ ፍንክች። ተቆለፈብን።

ጠበቃው መጥቶ ቆመ። ጫማው ከበሩ ሥር ይታየናል። ስልኬ ጮኸ፤ እሱ ነው የሚደውለው። ያለኝ አማራጭ ስልኩ ላይ መቀመጥ ነበር፣ ተቀመጥኩበት። ከሥሬ ሲንጫጫ ወንድምህ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጠበቃውም አልሄደም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ሙቀቱ ሲበረታ በሹክሹክታ "በቃኝ፣ ይቺ ክፍል ትገድለኛለች" አልኩ። ለእሱ አልነበረም፣ ለራሴ ነው። እሱ ግን ሰማኝ።

"እትዬ፣ እኔም በቅቶኛል" አለኝ። "ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ ጥገና ሥራ አግኝቼ ነበር። ባንቺ ምክንያት ነው የተውኩት።"

"በእኔ?"

"ጋሼ ሲሄድ አደራ ብሎኛላ። ‘ብቻዋን ከሆነች ትፈራለች፤ ሱቁን ዘግታ ቤት ገብታ ስታለቅስ ነው የምትውለው። የትም እንዳትሄድባት’ አለኝ።"

እኔ? እኔ ፈሪ። ሌባ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ያባረረችውን ሴትዮ ፈሪ አልካት። እኔም አንተ ስለ እሱ ያልከኝን ነገርኩት።

"የትኛው መጠጥ?" አለ። "እኔ ጠጥቼ የማውቀው አንድ ቀን ነው፣ በተመረቅሁ ማግስት፤ ያውም አስመልሶኝ።" ትንሽ አሰበና "ጠዋት ጠዋት የምታሸቺኝ ለዚህ ነው እንዴ? እኔ እኮ ጉንፋን የማይለቅሽ መስሎኝ ዝንጅብል ላመጣልሽ ነበር" አለኝ።

ማታ ማታ ቤቴ ድረስ የሚሸኘኝ ፈሪ ናት ብሎ ነው። እኔ ደግሞ በመጠጥ ቤቶቹ በኩል ብቻውን እንዳያልፍ ብዬ በዙሪያው መንገድ አዞረው ነበር። ሁለታችንም ደክሞን፣ ሁለታችንም ሌላውን እየጠበቅን፣ ያን ሁሉ ጊዜ በረጅሙ መንገድ ሄድን። ይህን ስንረዳ ሳቅ ያዘን። መጀመሪያ በአፍንጫችን ነበር፣ ከዚያ መቆጣጠር አቃተን። እኔ እየሳቅሁ ሳለ ሳላውቀው ማልቀስ ጀመርኩ።

"ሳቃችሁን ሰምቻለሁ" አለ ጠበቃው ከውጭ። "ክስ አልመሠርትም፤ ሱሪዬን ብቻ ስጡኝ።"

በሩ እንቢ እንዳለን ነገርነው፤ ሱሪውን በሥር አሾለክንለት። ጨርቁን ሲያገላብጥ ሰማነው። "ይህ ምንድን ነው?" አለ በመጨረሻ። "ካውያ ነው" አልን እኩል። "ካባ እደርብበታለሁ፤ ዳኛው የሚያዩኝ ከፊት ነው" አለና ሄደ። ደግ ሰው ነው፤ ከመንገዱ ማዶ በያጅ ጠርቶ ላከልን። በያጁ በሩን ቆርጦ እስኪያወጣን ከሰዓቱ አለቀ። እስከዚያ ሁለታችን መሬት ላይ ቁጭ ብለን ስለ አንተ አወራን።

መጀመሪያ በጣም ተናድጄብህ ነበር። ቀጥሎ ግን ገባኝ። እሱ እኔን እንዲጠብቅ፣ እኔ እሱን እንድጠብቅ አድርገህ፣ ሁለታችንንም አንድ ቦታ ተክለኸን ሄድክ። አንዳችን ከተነቃነቅን የምትመለስበት እንዳታጣ ፈርተህ ነው። ያን ያህል ሩቅ መንገድ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ለሚያድር ሰው ይህ ፍርሃት አይገርመኝም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ለምን "ትተሺኝ እንዳትሄጂ እፈራለሁ" አላልከኝም? ያን ብትለኝ ኖሮ በገዛ ፈቃዴ እቀመጥ ነበር። ግድግዳውንም፣ እርጥበቱንም፣ ሶኬቱንም ችዬ፣ ላንተ ብዬ። አንተ ግን የወንድምህን ሐዘን ሰበብ አድርገህ አሰርከኝ፤ እሱን ደግሞ በእኔ እንባ።

ወንድምህ ሆስፒታሉን ጠየቀ፤ ቦታው አልተያዘም ነበር፣ ሰኞ ጀመረ። እሱን እንዳትቆጣው። ከቤቱ ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ ጫማውን አስጠርጎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር። ወሩ ገና አላለቀምና ለጓደኛዬም እመጣለሁ አልኳት። ክፍሏን ለእማማ አስረክበናል። እማማ አለቀሱ፤ ከዚያ አዲሱ ተከራይ ምን እንደሚሰካ ጠየቁኝ። የስፌት መኪናዬን ሁለት ሰው ተሸክሞ ፎቅ አወጣልኝ። ዛሬ የተቀመጥኩት መስኮቱ አጠገብ ነው፣ ደብዳቤውም የተጻፈው እዚህ ነው።

ደስ ብሎኛል ብዬ አልዋሽህም። ጠዋት ከቤት ስወጣ ማንን እንደምጠብቅ ግራ ይገባኛል። ማታ ስመለስ አጭሩ መንገድ ቶሎ ያልቅብኛል። ከሰው አደራ የወጣ ሰው እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም መሰለኝ። ግን መተንፈስ ችያለሁ፣ ይህን እወቀው።

ይህ ደብዳቤ የአሸዋ መኪና ከሚነዳው ባልደረባህ ጋር ይደርስሃል። አንብበህ ስትደውል "ሱቁ እንዴት ነው?" ብለህ አትጀምር፤ ሱቅ የለም። "ወንድሜስ?" አትበለኝ፤ ለራሱ ደውልለት፣ ስልክ አለው። እኔን የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከዛሬ ጠይቀኸኝ አታውቅም። "ትጠብቂኛለሽ ወይ?" በለኝ። መልሱን ገና አላውቀውም። መስመሩ ቢቆራረጥ እንኳ ደጋግመህ ደውል፤ እስክሰማህ ድረስ አልዘጋውም።

እስከዚያው ድረስ፣
ሚስትህ