በሁለት እጄ የተቀበልኩት በረዶ

ኢብቲሳምዬ፣

መርከባችን ከባሕር ሥር ባወጣችው ጭቃ ውስጥ የሚነድ በረዶ አየሁልሽ! ብርዱና የውሃው ክብደት ሚቴን የሚባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ውሃ ውስጥ ቆልፈው ነው በረዶ ያደረጉት። የእኛ የመርሳ በረዶ ቆርቆሮ ደብድቦ ይሄዳል እንጂ መቼ ይነዳል? ምርምሩን የሚመሩት ፕሮፌሰሯ ቁራጭ ሲሰጡኝ እንደ አገራችን ደንብ በሁለት እጄ ተቀበልኩ፤ መዳፌ አሞቀውና ጋዙ ሽሽ እያለ አመለጠ፣ ጭቃ ውሃ ብቻ ቀረኝ። «ያሞቅሽው በርዶት መስሎሽ ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

ጦርነቱ መንገዱን ባይዘጋብሽ፣ እንደታሰበው አንቺም መጥተሽ አብረን እንስቅ ነበር። አንቺ ከመርሳ ተፈናቅለሽ ደሴ አክስትሽ ጋ፣ እኔ እዚህ፤ ያንገበግበኛል። የአክስትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። ለሁለታችን በተሰጠን የመኝታ ካቢን በር ላይ ስምሽ ተለጥፏል፤ የመርከቡ ሰዎች «አትመጣም፣ አንሺው» ቢሉኝም እምቢ ብያለሁ።

ህሊና፣ ከኖርዌይ ባሕር